ቡና ማፍያውም የአውሮፕላኑ አካል ነው

ወዳጆቼ፣ በተለይ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ዛሬ ረዘም ያለ ነገር ነው የምጽፈው። ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት፤ ነገሩም ስለ ቡና ማፍያ ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በአቪዬሽን ወረቀት ውስጥ ለዓመታት የምጣላት አንዲት ሐረግ አለች፦ «ለበረራ አስፈላጊ ያልሆነ ዕቃ»። ኦቨኑ፣ ቡና ማፍያው፣ የውሃ ማፍያው ብዙ ጊዜ የሚመደቡት በዚህች ሐረግ ሥር ነው። ትርጉሟ ግልጽ ነው፤ አውሮፕላኑ ያለ እነሱ መብረር ይችላል ማለት ነው። እውነት ነው። ቡና ስላልፈላ ማረፍ ያቃተው ካፒቴን የለም።

ችግሩ ሐረጓ ከወረቀት ወጥታ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ስትገባ ነው። «ያለ እሱ መብረር ይቻላል» የነበረው ቀስ ብሎ «እሱ ምንም አያመጣም» ይሆናል። ሁለቱ ግን ሰማይና ምድር ናቸው። አንድ ዕቃ ለበረራው ቅንጣት ጥቅም ሳይኖረው በረራውን ሊያበላሽ ይችላል። እኔ ዛሬ የምከራከረው በነዚህ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ስላለው ገደል ነው። እዚያ ገደል ውስጥ የሚወድቁት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ እኔና እናንተ የምናውቃቸው ልጆች ናቸው።

በቅርቡ አንዲት የድሮ ተማሪዬ በውስጥ መስመር ጻፈችልኝ። በውጭ አገር አየር መንገድ ሆስተስ ናት፤ ስሟንም የድርጅቱንም ስም አልጠራም። «ጋሼ፣ የኋላው ጋሊ ኦቨን ሲበራ የተቃጠለ ገመድ ይሸታል። ሦስት ጊዜ ሎግ ቡክ ላይ ጻፍኩት። ሦስቴም ‹ታይቷል፣ ደህና ነው› ተብሎ ተፈረመ። አሁን አለቃዬ ‹አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የሚሸትሽ?› አለችኝ።» ይኼው ነው መልእክቷ። ስንቶቻችሁ ይህን ታሪክ በሌላ አውሮፕላን ቁጥር ታውቁታላችሁ?

አቋሜን ቀድሜ ላስቀምጥ፣ ኋላ «ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» እንዳትሉኝ። በመንገደኛ አውሮፕላን ጋሊ ውስጥ ያለ ማንኛውም ዕቃ፣ ኦቨኑም፣ ቡና ማፍያውም፣ ማቀዝቀዣውም፣ ትሮሊውና መቀርቀሪያው፣ የውሃ ቧንቧውና ፍሳሹም፣ በተቆረጠ ሰዓትና ቀን፣ ፈቃድ ባለው ቴክኒሻን፣ ተከፍቶ፣ ተመርምሮ፣ ተፈርሞበት ማለፍ አለበት። በሕግ። ሲበላሽ አይደለም። ሆስተሷ ስታማርር አይደለም። የተቆረጠው ቀን ሲደርስ፣ በቃ።

ለማታውቁት ጋሊ ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የአውሮፕላኑ ማዕድ ቤት ነው፤ አብዛኛው ጋሊ ከሰፈር ኪዮስክ አይሰፋም። በዚያች ጠባብ ቦታ ውስጥ አራት ነገሮች ጎን ለጎን ይኖራሉ፦ ከፍተኛ ኤሌክትሪክ፣ ውሃ፣ ሙቀትና ክብደት። ቤታችሁ ውስጥ ምድጃውን፣ ማጠቢያ ገንዳውን፣ ፍሪጁንና መቶ ኪሎ ጤፍ የተጫነ ጋሪ አንድ ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብታችሁ ቤቱን እንደ መንገድ ላይ አውቶቡስ ብትነቀንቁት ምን ይሆናል? ያ ነው ጋሊ ማለት።

አንድ በአንድ እንያቸው።

ኤሌክትሪክ። ጋሊ በአውሮፕላን ውስጥ ከፍተኛ ኃይል ከሚበሉት ክፍሎች አንዱ ነው። አንድ ጄኔሬተር በበረራ ላይ ቢጠፋ አውሮፕላኑ ራሱ፣ ማንንም ሳይጠይቅ፣ መጀመሪያ ከሚያጠፋቸው ነገሮች መካከል የጋሊው መስመር አለ። መሐንዲሶቹ ያውቃሉ ማለት ነው። ኃይል ሲያጥር «ይህን ቀድመህ ቁረጥ» ብለው የጻፉት ሸክሙ ምን ያህል እንደሆነ ስለሚያውቁ ነው። ይህን ሁሉ ኃይል የሚጎትት ዕቃ ታዲያ ከጀርባው ያለው ማገናኛ ሲላላ፣ ሲዝግ፣ ውሃ ሲነካው ማን ያየዋል? ዕቃው ከቦታው ካልተሳበ ማንም።

ውሃ። ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ሳስተምረው አንዳንዶቻችሁ አላመናችሁኝም ነበር። ጃንዋሪ 2008 የኳንታስ ቦይንግ 747 ከለንደን ተነስቶ ባንኮክ ሊያርፍ በመውረድ ላይ ሳለ ከአራቱ ዋና የኤሌክትሪክ መስመሮች ሦስቱ ጠፉ። ብዙው የአውሮፕላኑ ሥርዓት በባትሪ ቀረ። ሞተሮቹ አራቱም ደህና ናቸው። ጄኔሬተሮቹም ደህና ናቸው። ታዲያ ምን ሆነ? የአውስትራሊያ የትራንስፖርት ደህንነት ቢሮ መርምሮ መነሻውን የት አገኘው? ጋሊ ውስጥ! የፊተኛው ጋሊ ፍሳሽ ተዘግቶ ውሃው ገንፍሎ ፈሰሰ፤ ወለሉን አልፎ ወደ ታች ወረደ። ከታች የኤሌክትሮኒክስ ክፍሉን ከውሃ እንዲጠብቅ የተሠራው መከላከያ ተሰንጥቆ ነበር። ውሃው በስንጥቁ ገባና የጄኔሬተሮቹ መቆጣጠሪያ ሣጥኖች ላይ ተንጠባጠበ።

እስቲ ቆም ብላችሁ አስቡት። ከ300 በላይ ሰው የጫነ፣ በዓለም ላይ ከታወቁት አስተማማኝ አውሮፕላኖች አንዱ፣ በእጅ መታጠቢያ ፍሳሽ ምክንያት በባትሪ ቀረ። በሰላም አረፈ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ማረፊያው ቅርብ ነበር። ባትሪው የተሠራው ግን ለ30 ደቂቃ ያህል ነው። ያው ፍሳሽ ከሁለት ሰዓት በፊት፣ ከአየር ማረፊያ ርቀው ሳሉ ገንፍሎ ቢሆንስ?

«ያ የድሮ አውሮፕላን ነው» የሚል አይጠፋም። እሺ። የአሜሪካው የፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር፣ ኤፍ.ኤ.ኤ.፣ በቅርብ ዓመታት ለቦይንግ 787 ባለቤቶች ትእዛዝ አውጥቷል። የመጸዳጃ ቤትና የጋሊ ንጹህ ውሃ መስመሮችን ለፍሳሽ በየጊዜው ደጋግማችሁ መርምሩ የሚል ነው። ምክንያቱ ያው ነው፤ ውሃ አምልጦ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎችን እየነካ ስለተገኘ። ድሪምላይነር ማለት እኛ በ2012 ከአፍሪካ ቀድመን ተረክበን በየቤቱ የኮራንበት አውሮፕላን ነው። ዘመናዊ ነው። ውሃ ግን ዘመናዊነት አያውቅም፤ ቀዳዳ ካገኘ ወደ ታች ይሄዳል።

ከዚህ ትእዛዝ ሁለት ነገር ተማሩልኝ። አንደኛ፣ የጋሊ ምርመራን አስገዳጅ ማድረግ ይቻላል፤ ሲፈለግ ተደርጓል። ሁለተኛ፣ የተደረገው ችግሩ ከታየ በኋላ ነው፤ ለአንድ ዓይነት አውሮፕላንም ብቻ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሏል ይኼ ነው።

ክብደት። አንድ ሙሉ ትሮሊ ምግብና መጠጥ ሲሞላ ወደ መቶ ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። የትልልቅ አውሮፕላኖች የንድፍ ሕግ ጋሊ ውስጥ ያለ ዕቃ በአደጋ ማረፍ ጊዜ ወደ ፊት የክብደቱን ዘጠኝ እጥፍ ግፊት እንዲቋቋም ይጠይቃል። ሒሳቡን እናንተው ሥሩት፤ መቶ ኪሎው ትሮሊ በዚያች ቅጽበት እንደ ዘጠኝ መቶ ኪሎ ይገፋል። ያንን ሁሉ የሚይዘው ምንድን ነው? አውራ ጣት የምታህል ቀይ መቀርቀሪያ። እሷ ከላላች፣ ከተጣመመች፣ ብሎኗ ከተበላ፣ ሕጉ ወረቀት ላይ ነው የቀረው።

«ፍሬን አለው አይደል?» ትሉኛላችሁ። ፍሬን የሚሠራው ጎማው መሬት ላይ ሲጫን ነው። ሜይ 2024 ከለንደን ወደ ሲንጋፖር ሲበር የነበረውን የሲንጋፖር አየር መንገድ 777 አስታውሱ። የአገሪቱ መርማሪዎች እንዳወጡት፣ የላይና ታች ግፊቱ በ0.6 ሰከንድ ውስጥ ከሲደመር 1.35 ወደ ሲቀነስ 1.5 ወረደ። በሌላ አነጋገር ያልታሰረው ሁሉ ወደ ጣሪያ ሄደ። አንድ ሰው ሞተ፣ ብዙ ሰው ተጎዳ። የጋሊው ፎቶ በዓለም ዞሯል፤ ወለሉ በሙሉ የተበተነ ዕቃ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ትሮሊ ወለሉን ይለቃል፤ ወለሉን የለቀቀ ትሮሊ ፍሬን ምን ይሠራለታል? ቦታው ላይ ካለ የሚይዘው መቀርቀሪያው ብቻ ነው። መተላለፊያ ላይ ከሆነ ደግሞ የሚይዘው የለም፤ ቢያንስ በሩ ተከፍቶ ጠርሙሱን እንዳይረጭ የበሩ መቆለፊያ ጤነኛ መሆን አለበት።

ሙቀት። እዚህ ላይ ስለ እሳት ልናገር፣ ግን በጥንቃቄ። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1998 ከኒውዮርክ ወደ ጄኔቭ ይበር የነበረው የስዊስኤር 111 ጠፍቶ 229 ሰው አለቀ። እሳቱ ከጋሊ ዕቃ አልነበረም። የካናዳ መርማሪዎች ከእሳቱ መነሻ ጋር ያያያዙት የመንገደኞች የመዝናኛ ሥርዓት ገመድን ነው። ፊልም ማሳያ! አብራሪዎቹ ሽታ ከሰሙበት ደቂቃ ጀምሮ አውሮፕላኑ ባሕር እስከገባበት 21 ደቂቃ ገደማ ነው። ፊልም ማሳያ ለበረራ አስፈላጊ ነው? አይደለም። አውሮፕላን ያጠፋል? አጥፍቷል። «አስፈላጊ ያልሆነ» የሚለው ቃል እሳትን እንደማያግደው ከዚህ በላይ ማስረጃ ምን ላምጣ?

የራሳችንንም አንርሳ። ጁላይ 2013 ሂትሮው ላይ ቆሞ የነበረው የኢትዮጵያ 787 በኋላ ጣሪያው ተቃጠለ። ደግነቱ ሰው አልነበረበትም። የእንግሊዝ መርማሪዎች መንስኤውን ያገኙት የአደጋ ጊዜ ቦታ አመልካች በሆነች ትንሽ ሣጥን ውስጥ ነው፤ የባትሪዋ ገመዶች በክዳኗ ሥር ተጣብቀው ተጨፍልቀው ነበር። ከውጭ ሲያዩአት ጤነኛ ሣጥን ናት። ክዳኑ ካልተነሳ አይታይም። ኦቨንም እንደዚያው ነው። በሩን ከፍቶ «ንጹህ ነው» ማለት ምርመራ አይደለም፤ ጀርባው ነው መታየት ያለበት።

የሰው አካል። በ1981 የወርልድ ኤርዌይስ ዲሲ-10 ላይ፣ አትላንቲክን ሲያቋርጡ፣ አንዲት ሆስተስ ሞተች። አውሮፕላኑ አልወደቀም፣ መንገደኛ አልተጎዳም። በዚያ አውሮፕላን ጋሊው ከታች ነበር፤ ወደ ላይ የሚያመላልስ ትንሽ አሳንሰር ነበረው። እሷን የገደላት ያ አሳንሰር ነው። ሥራ ላይ፣ ምግብ ልታዘጋጅ ወርዳ። የጋሊ ዕቃ ሰው እንደሚገድል ለማወቅ ሌላ አስከሬን መጠበቅ አያስፈልገንም፤ ከአርባ ዓመት በላይ ሆኖታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ዛሬ አሠራሩ እንዴት ነው?

ፍትሐዊ ልሁን። ጋሊ ጭራሽ አይታይም አልልም። የጋሊው ቁም ሣጥን ከአውሮፕላኑ አካል ጋር የተያያዘበት ቦታ በትልልቅ የጥገና ጊዜያት ይታያል። ጠንቃቃ አየር መንገዶች ለኦቨንና ለቡና ማፍያም የራሳቸው የጊዜ ሰሌዳ አላቸው። ግን በብዙ ቦታ የሚሠራበት ደንብ «እስኪበላሽ ይሥራ» ነው። ሲበላሽ ይወጣል፣ ሌላ ይገባል። ሳይበላሽ በፊት ማንም ጀርባውን አያይም። ሲበላሽም ከመስመር ተቆርጦ ጥገናው ይተላለፋል፤ የሚተላለፉ ብልሽቶች በዓለም ዙሪያ በየምድባቸው 3 ቀን፣ 10 ቀን፣ 120 ቀን ይሰጣቸዋል። ለቡና ማፍያ የሚቸኩል የለም። ከመስመር መቆረጡ ራሱ ትክክል ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ያልተቆረጠው፣ እየሸተተ «ደህና ነው» የተባለው ነው።

ንጽጽሩን ተመልከቱ። ጋሊው አጠገብ ቀይ የእሳት ማጥፊያ አለ። ሆስተሷ ወደ አውሮፕላኑ ስትገባ ታየዋለች፤ መርፌው አረንጓዴው ላይ ነው? ማኅተሙ አለ? ቀኑ አላለፈም? ጊዜው ሲደርስ ወርዶ ይመዘናል። ሕግ ነው፣ ቀልድ የለውም። ያ ማጥፊያ እንዲያጠፋው የተቀመጠለት ኦቨን ግን ቀን የለውም! እሳቱን የሚያጠፋው ተመርምሯል፤ እሳቱን የሚያነሳው አልተመረመረም። ይህ አስቂኝ ካልሆነ ምን አስቂኝ ነው?

ሌላ ልጨምር። በ1973 የቫሪግ አውሮፕላን ፓሪስ አጠገብ በመጸዳጃ ቤት በተነሳ እሳት ምክንያት 123 ሰው ሞተ። በማግስቱ ዓመት ኤፍ.ኤ.ኤ. ትእዛዝ አወጣ፤ የመጸዳጃ ቤቱ ቆሻሻ መጣያ ክዳን በትክክል መዝጋቱ በየ1,000 የበረራ ሰዓቱ ይመርመር አለ። ሲጋራ ከተከለከለ ስንት ዘመኑ፣ መጸዳጃ ቤቱ በር ላይ ግን ዛሬም መተርኮሻ የምታዩት ከዚያው ዘመን ትእዛዝ የተነሳ ነው። እስቲ ልብ በሉ፤ የቆሻሻ ቅርጫት ክዳን በየ1,000 ሰዓቱ ይመረመራል። ማንም «ቅርጫት ለበረራ አስፈላጊ ነው ወይ?» ብሎ አልጠየቀም። የጠየቁት «እሳት ሊነሳበት ይችላል ወይ?» ብለው ነው። ትክክለኛው ጥያቄ ያ ነበር። እኔ የምለው ያንኑ ጥያቄ አንድ ሜትር ወደ ጎን ወስደን ኦቨኑን እንጠይቀው ነው።

ትሮሊው ደግሞ የባሰ ወላጅ አልባ ነው። ትሮሊ አዲስ ሲሠራ ዝርዝር መመዘኛ አለው፤ ቲ.ኤስ.ኦ. ሲ-175 የሚባል፣ በሩ፣ መቆለፊያው፣ ጥንካሬው ሁሉ የተጻፈበት። ጥሩ። ግን ከፋብሪካ ከወጣ በኋላ ሕይወቱ ምን ይመስላል? በመኪና ይጫናል፣ ይጣላል፣ በማጠቢያ ማሽን ያልፋል፣ በረዶ ይጫንበታል፣ ዛሬ አንዱ አውሮፕላን ላይ ነገ ሌላው ላይ ነው። ቴክኒሻኑ «የምግብ ዝግጅት ክፍሉ ንብረት ነው» ይላል። የምግብ ክፍሉ «እኛ ምግብ ነው የምንሠራው፣ ሜካኒክ አይደለንም» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እኔ ራሴ በሠራሁበት አንድ የውጭ ድርጅት የትሮሊ በር በፕላስተር ታስሮ ለበረራ ሲገባ አይቻለሁ። «ይኼ ምንድን ነው?» ስል «ጋሼ፣ የኛ አይደለም» ተባልኩ። አስመለስኩት። እኔ ባልቆምበት በር ስንት ፕላስተር እንዳለፈ ግን አላውቅም፤ የሚቆጥረውም የለም፣ መዝገብ ስለሌለው።

አሁን ወደ ተቃውሞው። ይህን ነገር ባነሳሁ ቁጥር አራት መልስ ይመጣልኛል።

«ወጪው!» የሚለው የመጀመሪያው ነው። አንድ ኦቨን ከቦታው ስቦ ጀርባውን ማየት ሞተር ማውረድ አይደለም። አውሮፕላኑ ለሌላ ጥገና በቆመበት ጊዜ፣ በተራ፣ የሚሠራ ነው። ደግሞስ ወጪ የምንለው የቱን ነው? በጭስ ምክንያት አውሮፕላን ሌላ አገር ሲያርፍ፣ ነዳጁ፣ የሆቴሉ፣ የመንገደኛው ካሳ፣ የቀጣዩ በረራ መሰረዝ ወጪ አይደለም?

«ዘመናዊ ዕቃ ራሱን ይከላከላል» ሁለተኛው ነው። አዎ፣ ሙቀት ሲያልፍ የሚቆርጥ፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ የሚያጠፋ መከላከያ አለው። ግን መከላከያውም ዕቃ ነው፤ ያረጃል። የውሃ ማፍያ ውስጥ ነጭ ዝቃጭ ይጋገራል፤ ጀበና ውስጥ ታውቁታላችሁ። ያ ዝቃጭ የውሃ መጠን የሚለካውን ዳሳሽ ሲሸፍነው ማሽኑ ውሃ አለ ብሎ ባዶውን ሊያሞቅ ይችላል። የግፊት መልቀቂያውም በዚያው ዝቃጭ ሊጣበቅ ይችላል። መከላከያ የሚታመነው ሲመረመር ነው።

«በኦቨን የወደቀ አውሮፕላን የለም» ሦስተኛው ነው። ይህን የሚል ሰው ከላይ የጻፍኩትን የኳንታስን ታሪክ እንደገና ያንብብልኝ። ፍሳሽስ አውሮፕላን ጥሎ ያውቃል? አያውቅም፤ እስከ 30 ደቂቃ አድርሶ ነው የመለሰን። ደግሞ ለምንድነው መለኪያው የወደቀ አውሮፕላን ብቻ የሆነው? እጇ የተቃጠለ ልጅ አትቆጠርም? በብዙ አውሮፕላኖች የካቢኑ የአየር ግፊት እስከ 8,000 ጫማ ከፍታ ድረስ ይሄዳል፤ ከአዲስ አበባ ከፍታ ብዙም አይርቅም። እዚያ ውሃ የሚፈላው እንደ አዲስ አበባው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። 92 ዲግሪ ውሃ እጅ ላይ ሲፈስ ምን እንደሚያደርግ ለአበሻ እናት ማስረዳት አያስፈልግም። የቡና ማፍያው ማሰሮ መያዣ ስለላላች አንዲት ልጅ ቆዳዋ ቢላጥ የትኛው ዜና ላይ ይወጣል? የትም።

አራተኛው በጣም የሚያናድደኝ ነው። «የካቢን ክሩ ጥፋት ነው። ኦቨን ውስጥ ወረቀት ረስተው፣ ትሮሊውን ሳይቆልፉ…» አዎ፣ ሰው ይሳሳታል። ኦቨን ከመብራቱ በፊት ባዶ መሆኑ ይታይ ብዬ ለስንት ዓመት አስተምሬያለሁ። ግን መቀርቀሪያው ተበልቶ አልይዝ ሲል ‹አልቆለፈችም› ብሎ ልጅቷን መክሰስ፣ አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ነው። ዕቃው የመጨረሻ የተመረመረበት ቀን ተጽፎ ካለ፣ ጥፋቱ የእሷ ይሁን የዕቃው ይታወቃል። ካልተጻፈ ሁልጊዜ ጥፋቱ የእሷ ነው። ምናልባትም አንዳንዶች መዝገቡን የማይወዱት ለዚህ ይሆናል።

ስለዚህ ምን ይደረግ? በዝርዝር፦

1. እያንዳንዱ ኤሌክትሪክ የሚጠቀም የጋሊ ዕቃ በበረራ ሰዓትና በቀን የተወሰነ፣ ከቦታው ወጥቶ ማገናኛው፣ ገመዱ፣ መከላከያው የሚታይበት አስገዳጅ ምርመራ ይኑረው።

2. የጋሊ ውሃ መስመርና ፍሳሽ፣ ከሥሩ ያለው የኤሌክትሮኒክስ ክፍል መከላከያም አብሮ፣ ለሁሉም ዓይነት አውሮፕላን በየጊዜው ይመርመር። ለ787 ከተቻለ ለሌላውም ይቻላል።

3. ትሮሊ የማንም ይሁን የማን፣ ቁጥርና የምርመራ ቀን ይለጠፍበት። ቀኑ ያለፈበት ትሮሊ አውሮፕላን ላይ አይውጣ፤ እንደ እሳት ማጥፊያው።

4. ሽታ፣ ጭስ፣ ፍንጣሪ፣ የውሃ ጠብታ ሁለተኛ ጊዜ ሎግ ቡክ ላይ ከተጻፈ «ታይቷል፣ ደህና ነው» የሚለው ፊርማ አይበቃም ይባል። ዕቃው ይውጣ፣ ወይም ከመስመር ይቆረጥ።

5. የጻፈች ሆስተስ በመጻፏ አትጠየቅ።

ይህን ለማን ነው የምለው? በመጀመሪያ ለአገሬ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን። የ1944ቱን የቺካጎ የአቪዬሽን ስምምነት ከፈረሙት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። በዚህ ሙያ እንግዳ አይደለንም። ሁልጊዜ ዋሽንግተንና ኮሎኝ የጻፉትን ተቀብለን መተግበር ብቻ ለምን? ከሌላው ጠበቅ ያለ ደንብ ማውጣት አልተከለከለም። አዲስ አበባ የአህጉሩ መናኸሪያ ነው እያልን ደረታችንን እንነፋለን፤ መናኸሪያ መሆን ደንብ በማውጣትም ይሁን እንጂ።

ለሜካኒክ ተማሪዎቼ፦ ጋሊ ሲሰጣችሁ «ኧረ እኔ ሞተር ነው የምፈልገው» አትበሉ። ሁላችሁም ሞተር ትፈልጋላችሁ፣ አውቃለሁ፤ ሞተር ክብር አለው። ግን ሞተሩን የሚያይ ብዙ ሰው አለ፤ ኦቨኑን የሚያየው አንተ ብቻ ልትሆን ትችላለህ። ሳትስበው «ደህና ነው» ብለህ አትፈርም። ፊርማህ ከስምህ በላይ ነው።

ለሆስተስ ተማሪዎቼ፦ ጻፉ። አንዴ፣ ሁለቴ፣ አሥሬ። የአውሮፕላኑን ቁጥር፣ የዕቃውን ቦታ፣ የሸተታችሁን ሽታ፣ ሰዓቱን። «አንቺ ብቻ ነሽ የሚሸትሽ?» ካሏችሁ «አዎ፣ እኔ ነኝ አጠገቡ የምቆመው» በሉ። በቃል አትናገሩት፤ ቃል ይረሳል፣ ሎግ ቡክ አይረሳም። እስኪጠገንም ዕቃውን አጥፉና ለካፒቴኑ ንገሩ።

ለእናንተ ለመንገደኞች ደግሞ አንድ ልመና አለኝ። ለሰባት ሰዓት ስትበሩ «ይቅርታ፣ ዛሬ ቡና የለም፣ ማሽኑ ጠፍቷል» ስትባሉ አትቆጡ። ለአበሻ ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እኔም ያለ ቡና ራሴን ያመኛል። ግን ያቺ ልጅ ማሽኑን ያጠፋችው የሆነ ነገር ስላየች ሊሆን ይችላል። እናንተ ስትቆጡ አለቃዋ ይሰማል፤ አለቃዋ ሲሰማ በሚቀጥለው በረራ አታጠፋውም። ቡና አለመጠጣት ማንንም አልገደለም። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብትሏት ደግሞ ለደህንነት ምርመራ የበኩላችሁን አደረጋችሁ ማለት ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ብለዋል አባቶቻችን። በእጅ ያለችው ቅጠል ትንሽ ናት፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ፊርማ። እሳቱ ከተነሳ በኋላ ቅጠል ይዞ መሮጥ ግን ለታዛቢ ነው።

በሙያው ያላችሁ ልምዳችሁን ከታች ጻፉልኝ፤ የድርጅት ስም ግን አትጥሩ፣ እንጀራችሁን አትንኩ። የማትስማሙም ጻፉ፤ በምክንያት እንከራከር። የምታውቋት ሆስተስ ወይም የምታውቁት ሜካኒክ ካለ አጋሩላቸው።

በሰላም ውጡ፣ በሰላም ግቡ።